ከኮርቻ በታች የሚነጠፍ አጎዛ፤ እንዴት ይመረጣል?



በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀትና ስለ ፈተና አወጣጥ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን በማናቸውም ኮርስ ውስጥ የለም። ከእናንተ ከሠልጣኞቹ መካከል አንዳንዶቻችሁ ተመርቃችሁ ስትወጡ መኪና የማይደርስበት ትምህርት ቤት መመደባችሁ አይቀርም። እዚያ ደግሞ መጽሐፉንም፣ ጠመኔውንም፣ መምህሩንም የሚያደርሰው ፈረስ ወይም በቅሎ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገሬ ሰው። ማድረሱን ሁላችንም እናውቃለን። እኛን ሲያደርስ ጀርባው ምን እንደሚሆን የምንጠይቀው ግን ጥቂቶች ነን። እኔም ካልጠየቁት አንዱ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በራሴ የደረሰ

በ1980 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከመኪና መንገድ የአምስት ሰዓት የፈረስ ጉዞ የሚያስኬድ፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ደጋ ነበር። ፈረስ የሚያከራዩኝ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ፈረሱ ዳማ ነው። ቁመቱ አጭር ቢሆንም ገደል አያስፈራውም። በግንቦት ወር ተቀምጬበት ስወርድ ምንም አልነበረበትም። ክረምቱን ከቤተሰቦቼ ዘንድ ሰንብቼ በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለአንድ ስብሰባ ወርጄ ስመለስ ግን ጠባዩ ተለውጦ አገኘሁት። ኮርቻው ሲጫንበት ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ጠፍሩ ሲጠብቅ ሊናከስ ይዞራል።

አዛውንቱ ልጃቸውን ልከው ስለ ነበር እሳቸው በቦታው የሉም። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ ባይ ነኝና «ኮርቻው ቆርቁሮት ነው፤ ይለስልስለት» ብዬ ከገበያ አንድ ወፍራም አጎዛ ገዛሁ። ከቀድሞው ድብዳብ ላይ ደርቤ አነጠፍኩለትና ጠፍሩን አጥብቄ ወጣሁ። ለእንስሳው ያሰብኩ መስሎኝ መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከቦታው ደርሰን ኮርቻው ሲወርድ ጀርባው በላብ ርሷል። ከጫንቃው ዝቅ ብሎ ግን በግራና በቀኝ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ደረቅ ቦታዎች ነበሩ። «አየህ፣ አጎዛው ያረፈበት ቦታ እንኳ አላላበውም!» አልኩት ልጁን። ምን ዋጋ አለው! በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ቦታዎች አብጠው አደሩ። በሦስተኛው ቀን ጸጉሩ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲያ ቆዳው ተላጠና ፈረሱ ገጣባ ሆነ። ወሩ ኅዳር፣ ገብስ ከማሳ የሚጓጓዝበት ጊዜ ነው። ፈረሱ ሁለት ወር ሙሉ ኮርቻም ጭነትም ሳይነካው ቆመ፤ አዛውንቱ አህያ ተውሰው፣ የቀረውን ደግሞ በራሳቸው ትከሻ አጓጓዙ።

ካሣ ይዤ ብሄድ አልቀበልም አሉ። እንዲህ ብቻ አሉኝ፤

«ልጄ፣ ጫማ ቢጠብህ ውስጡ ጨርቅ ትጠቀጥቅበታለህ?»

«እንዳይቆረቁረው ብዬ እኮ ነው፣ አባቴ።»

«ማዘንህንስ አይቻለሁ። ፈረሱ ክረምቱን ሣር ግጦ ሰፋ፤ ኮርቻው ግን አብሮት አልሰፋም። አንተ ደግሞ በጠበበው ላይ ጨመርክበት።»

ቁስሉ ሲድን በዳማው ጀርባ ላይ ሁለት ነጭ የጸጉር ምልክቶች ቀሩ። ብርቱ ጫና ለጸጉር ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ስለሚያጠፋ በዚያ ቦታ የሚበቅለው ጸጉር ነጭ ይሆናል። እነዚያ ሁለት ነጭ ነጥቦች ለእኔ በቀይ ቀለም እንደ ታረመ የፈተና ወረቀት ነበሩ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ከባለፈረሶች፣ ከእንስሳት ሐኪሞችና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠቃለል ይህ ነው፤ አጎዛ የሰፋን ኮርቻ በመጠኑ ያጠባል እንጂ የጠበበን አያሰፋም።

የፈረስ ጀርባ እንዴት ያለ ነው?

ፈረስ በግራ 18፣ በቀኝ 18 የጎድን አጥንት አለው። ኮርቻ ማረፍ ያለበት ከትከሻው አጥንት ኋላ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጎድን ድረስ ባለው ስፍራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ወገብ የሚደግፈው የጎድን አጥንት ስለሌለ ክብደት አይጫንበትም። የትከሻው አጥንት ደግሞ እግሩ ሲራመድ ወደ ኋላ ስለሚንቀሳቀስ፣ ኮርቻ ከተጫነበት ፈረሱ እርምጃው ያጥራል፤ ቁልቁለት ላይም ይደናቀፋል።

ጋማው ከሚያልቅበት በላይ ያለውን ጉብታ ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ጫንቃ» እንበለው። ከጫንቃው ጀምሮ በአከርካሪው ላይ ሽቅብ የቆሙ አጥንቶች አሉ። እነዚህ ከላያቸው ያለው ሽፋን ስስ ስለሆነ አንዳች ነገር ሊነካቸው አይገባም። ክብደት የሚችለው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው ረጅም ጡንቻ ነው።

የአገራችን ባህላዊ ኮርቻ ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ኮርቻቸው በግራና በቀኝ የሚያርፉ ሁለት ሳንቃዎች፣ ከፊትና ከኋላ የቆሙ እንጨቶች ኖሩት በጠፍር ይታሰርና በቆዳ ይሸፈናል። በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል ቦይ ይቀራል፤ አከርካሪው በዚያ ውስጥ ሳይነካ ያልፋል። እንዲህ ያለው ኮርቻ ከፋብሪካ እንደሚመጣው ከሥሩ በሱፍ የተሞላ ትራስ ስለሌለው፣ ከሥር የሚነጠፈው ድብዳብ ሥራው ከባድ ነው። ስለዚህም ምርጫው ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ጥቂት የፊዚክስ ስሌት

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ተጋላቢውና ኮርቻው አንድ ላይ 75 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ኃይሉ 735 ኒውተን ያህል ነው። ይህ በ0.12 ካሬ ሜትር ላይ እኩል ቢያርፍ ግፊቱ 6 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል። ኮርቻው ሳይገጥም ቀርቶ በ0.05 ካሬ ሜትር ላይ ብቻ ቢያርፍ ግን ወደ 15 ኪሎ ፓስካል ያህል ይወጣል። ሰውየው ያው ሰውዬ፣ ፈረሱም ያው ፈረስ ነው፤ የተለወጠው ስፋቱ ብቻ ነው።

ከኮርቻ በታች የግፊት መለኪያ ምንጣፍ እያነጠፉ ያጠኑ ባለሙያዎች፣ አማካዩ ግፊት ከ11 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲያልፍ የጀርባ ሕመም ምልክት መታየት እንደሚጀምር ተመልክተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጫናው በዝቶ ሲቆይ ደም ወደ ሥጋው የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች ይዘጋሉ፤ ደም ያላገኘ ሥጋ ደግሞ ይሞታል። በሶምሶማ ጊዜ በጀርባው ላይ የሚያርፈው ኃይል በየእርምጃው ከተጋላቢው ክብደት ሁለት እጥፍ እንደሚበልጥም አትርሱ።

የደጋ ፈረሶቻችን ትንንሾች ናቸው። ፈረስ ሊሸከም የሚገባው ከራሱ ክብደት 20 ከመቶ ያህል ነው የሚል መመሪያ በብዙ አገር ይጠቀሳል። በዚህ መመሪያ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ ድርሻው 50 ኪሎ ግራም ነው። እኛ ደግሞ ከነኮርቻችን፣ ከነመጽሐፋችን፣ ከነስንቃችን ስንት እንደምንመዝን እናውቀዋለን። እንግዲህ ክብደቱን መቀነስ ካልተቻለ ቢያንስ እኩል እንዲያርፍ ማድረግ ግዴታችን አይደለምን? አቀበቱንና ቁልቁለቱን ወርዶ በእግር መሄድም ለፈረሱ ትልቅ ዕረፍት ነው።

አጎዛ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

የበግ ሱፍ እያንዳንዷ ዘለላ እንደ ሽቦ ምንጭ የተጠማዘዘች ናት። ስትጫን ትታጠፋለች፤ ሲለቋት ትነሣለች። በዚህ ምክንያት ጥሩ አጎዛ አራት ነገር ያደርጋል።

አንደኛ፣ ትንንሽ የጫና ልዩነቶችን ያለዝባል፤ የሳንቃውን ጠርዝ ያህል ያለውን ማለቴ ነው። ሁለተኛ፣ መፋተግን ይቀንሳል። ኮርቻው ሲወዛወዝ የሚታጠፈው ሱፉ እንጂ የፈረሱ ቆዳ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ላብ ይመጣል፤ ሱፍ እርጥብ መስሎ ሳይታይ ከክብደቱ እስከ 30 ከመቶ የሚደርስ እርጥበት ሊይዝ ይችላል። አራተኛ፣ በዘለላዎቹ መካከል አየር ስለሚኖር ሙቀት አያፍንም። በአልጋ ላይ ብዙ ጊዜ ለሚተኙ በሽተኞች ጎናቸው እንዳይላጥ እውነተኛ የበግ አጎዛ የሚነጠፍላቸውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጄል፣ ከቆዳ፣ ከስፖንጅና ከሰሜን ዋልታ አካባቢ አጋዘን ለምድ የተሠሩ ድብዳቦችን ከኮርቻ በታች አድርገው ለክተዋል። ጥሩ ውጤት ካሳዩት አንዱ የለምዱ ድብዳብ ነበር። የደረሱበት መደምደሚያ ግን «ለምድ ሁሉ ጥሩ ነው» የሚል አልነበረም። በሚገባ የተመረጠ ድብዳብ ይጠቅማል፤ ለአንዱ ፈረስ የተስማማው ግን ለሌላው ላይስማማ ስለሚችል ለእያንዳንዱ ተለይቶ መመረጥ አለበት የሚል ነው።

አጎዛ የማይሠራውን ደግሞ እንቁጠር። የጠበበን ኮርቻ አያሰፋም። የተሰበረን ሳንቃ አይጠግንም። ወገብ ላይ የወጣ ረጅም ኮርቻን አያሳጥርም። የቆሰለን ጀርባም አያድንም፤ ለቆሰለ ጀርባ መድኃኒቱ ከሁሉ በፊት ዕረፍት ነው።

አጎዛ ከመግዛት በፊት ኮርቻውን መርምሩ

ፈረሱን በደልዳላ ቦታ አቁሙት። ድብዳቡን ሁሉ አንሡና ባዶውን ኮርቻ በጀርባው ላይ ከትክክለኛው ቦታ ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጡ። ከዚያ ከጸጉሩ አቅጣጫ ጋር ወደ ኋላ እየሳባችሁ ራሱ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ተዉት። አሁን ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ ተመልከቱ፤ እጃችሁንም በሳንቃውና በጀርባው መካከል ከፊት ወደ ኋላ አሳልፉ። የምታገኙት ከሚከተሉት አንዱን ነው።

1. የሚገጥም ኮርቻ፤ መቀመጫው ደልዳላ ነው። እጃችሁ ከፊት እስከ ኋላ በእኩል ጫና ያልፋል። ሰው ሲቀመጥበት በጫንቃውና በኮርቻው መካከል ከሁለት እስከ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ከኋላ ሲያዩት ቦዩ ብርሃን ያሳልፋል። ለዚህ ኮርቻ ስስና እኩል የሆነ አጎዛ ይበቃዋል። ወፍራም ከተነጠፈበት ደኅናው ኮርቻ ጠባብ ይሆናል።

2. የጠበበ ኮርቻ፤ ፊቱ ተሰቅሎ ተጋላቢው ወደ ኋላ የሚያንሸራትተው ይመስላል። ከጫንቃው ዝቅ ብሎ እጅ አያስገባም። ለዚህ አጎዛ መጨመር ጥፋት ነው። የእኔን ፈረስ ያስገጠበው ይኸው ነው። መፍትሔው ያለውን ድብዳብ ማሳሳት ወይም ሌላ ኮርቻ መፈለግ ብቻ ነው።

3. በመጠኑ የሰፋ ኮርቻ፤ ፊቱ ወደ ጫንቃው ዝቅ ይላል፤ ተጋላቢው ወደ ፊት ያዘነብላል። አጎዛ በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሱፉ ጥቅጥቅ ያለ አጎዛ ተነጥፎ ፊቱ ከፍ ሲል መቀመጫው ይስተካከላል። ኮርቻው እጅግ ሰፍቶ ጫንቃውን የሚነካ ከሆነ ግን ይህ አጎዛ የሚያቃናው አይደለም።

4. እንደ ድልድይ የቆመ ኮርቻ፤ ፊቱና ኋላው ይነካል፣ መካከሉ ባዶ ነው። ክብደቱ በአራት ትንንሽ ቦታ ላይ ብቻ ያርፋል። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ በመካከሉ ቦታ ከአጎዛው በላይ የባና ቁራጭ በግራና በቀኝ ማስገባት ይቻላል። እጅ እንደ ልብ የሚያስገባ ከሆነ ግን ሳንቃው ለዚያ ጀርባ አልተሠራም።

5. አንድ ጎኑ የጎደለ ጀርባ፤ ብዙ ፈረሶች የአንድ ወገን ትከሻቸው ከሌላው ይበልጣል። እዚህ ላይ በጎደለው ወገን ብቻ የባና ቁራጭ ይገባል። ጠርዙ እንደ ደረጃ እየሳሳ መሄድ አለበት፤ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ወፍራም ጠርዝ ራሱ ያቆስላል።

አጎዛውን ስትመርጡ

ሱፉ ከየትኛው በግ ነው? በገበያ ከሚሸጠው የበግ ቆዳ ብዙው ሱፍ ሳይሆን ጸጉር ያለው ነው። የቆላ በጎች፣ ለምሳሌ ጥቁር ራሱ የሶማሌ በግ፣ አጭር ጸጉር ነው ያላቸው፤ ጸጉር ደግሞ ሲጫኑት ይተኛል እንጂ አይነሣም። እንደ መንዝ በግ ያሉት የደጋ በጎች ግን ሱፍ አላቸው። የመንዝ ሰው ባናውን የሚሠራው ከዚሁ ሱፍ ነው። ስለዚህ ከብርድ አገር የመጣውን ምረጡ።

ጥቅጥቅ ያለ ነውን? አውራ ጣታችሁን በሱፉ ላይ ጫኑ። ወዲያው ቆዳውን ካገኛችሁት ሱፉ ሳስቷል። ጣታችሁን እየገፋ የሚቃወም ከሆነ ደኅና ነው። ሲለቁት ቶሎ መነሣቱንም ተመልከቱ።

ቁመቱ ስንት ነው? ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሱፍ ይበቃል፤ ሰው ሲቀመጥበት ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ከዚህ የረዘመውን በመቀስ አስተካክሉት። በጣም ረጅም ሱፍ ላይ ያረፈ ኮርቻ ይንሸራተታል። ተጋላቢውም «ላላ» እያለ ጠፍሩን ከመጠን በላይ ያጠብቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይመጣል።

ቆዳው በሚገባ የለፋ ነውን? ያልለፋ ቆዳ ላብ ጠጥቶ ሲደርቅ እንደ ቀርበታ ግልባጭ ይደርቅና ይጨማደዳል፤ ጭማዳው ከኮርቻ በታች እንደ ድንጋይ ነው። ቆዳውን እጠፉት፤ ሳይንኮሻኮሽ ከታጠፈና መስመር ሳያወጣ ከተመለሰ ግዙት።

ቅርጹስ? አጎዛ በጀርባው ላይ እንደ ጠረጴዛ ልብስ ተዘርግቶ አከርካሪውን መጫን የለበትም። የሚሻለው በመካከሉ የጀርባውን ቅርጽ ተከትሎ ተቀዶ የተሰፋ፣ ግራና ቀኙ ሱፍ ሆኖ መሐሉ በስስ ጨርቅ የተያያዘ ነው። ስፌቱ ከሳንቃው ሥር እንዳያርፍ አድርጉ። አጎዛው ከኮርቻው ጠርዝ በሁሉም ወገን ሦስት አራት ጣት ያህል መውጣት አለበት፤ ጠርዙ ከኮርቻው በታች ከቀረ መስመር ሠርቶ ያቆስላል። ሱፉ ወደ ፈረሱ፣ ቆዳው ወደ ኮርቻው መሆኑን ለመናገር አያስፈልግም ነበር፤ ተገልብጦ የተነጠፈ ግን አይቻለሁና ተናገርኩ።

እውነተኛ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? ሱፉን ከፈልፈል አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። እውነተኛው ከቆዳ ላይ የበቀለ ነው፤ ሰው ሠራሹ ከተሸመነ ጨርቅ ላይ ነው የሚነሣው። ካልታመነ ደግሞ አንድ ዘለላ ነቅላችሁ በክብሪት አቃጥሉ። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ሲፈረክም አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ሰው ሠራሹ በዋጋ ይረክስ ይሆናል፤ ላብ በመምጠጥና ጫናን በመቋቋም ግን ከሱፍ አይስተካከልም።

የሽቦና የካርቶን ልኬት

ይህ ለእኛ ለመምህራን የሚመች ነው፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። አንድ ሜትር ያህል የሚተጣጠፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውሰዱ። ከትከሻው አጥንት ኋላ በጫንቃው ላይ አጋድማችሁ በጀርባው ቅርጽ እጠፉት። ቅርጹ ሳይበላሽ አንሥታችሁ በካርቶን ላይ አሳርፉና በእርሳስ ተከተሉት፤ ቀጥሎም ካርቶኑን በመስመሩ ቁረጡ። ይህን ካርቶን ከኮርቻው ሥር ስታስገቡት የጠበበውና የሰፋው ያለ ክርክር ይታያል። በኮርቻው መካከልና መጨረሻ ላይም እንዲሁ አድርጉ።

በካርቶኑ ላይ ቀኑን ጻፉበት። የደጋ ፈረስ በመስከረምና በጥቅምት ሣር ጠግቦ ይሰፋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መኖ ሲያጥር ይከሳል፤ ጫንቃውም ይሾላል። አንድ ኮርቻ በጥቅምት ጠቦ በሚያዝያ ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በጥቅምት ስስ ድብዳብ፣ በሚያዝያ ወፈር ያለ አጎዛ ሊያስፈልግ ይችላል። የእኔም ስሕተት ይህን ገልብጬ ማድረጌ ነበር።

በቅሎ ላይ ለምትቀመጡም አንድ ቃል ልጨምር። የበቅሎ ጫንቃ ዝቅ ያለና ጀርባዋም ቀጥ ያለ ስለሆነ ኮርቻው ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ይህን የሚከለክለው በጅራቷ ሥር የሚያልፈው ጠፍር እንጂ ወፍራም አጎዛ አይደለም። ያ ጠፍር ራሱ እንዳይልጣት ለስላሳ ነገር ይጠቅለልበት።

ከመንገድ በኋላ የፈረሱን ጀርባ ማንበብ

ኮርቻውን ስታነጥፉ አጎዛውን በጫንቃው በኩል ሽቅብ ስባችሁ ወደ ቦዩ አስገቡት፤ አለዚያ ጠፍሩ ሲጠብቅ ጫንቃው ላይ ይወጠራል። ከሩብ ሰዓት ጉዞ በኋላ ወርዳችሁ ደግማችሁ እዩት።

ከቦታው ስትደርሱ ላቡን አንብቡ። እኩል የረሰረሰ ጀርባ መልካም ምልክት ነው። በላቡ መካከል ደረቅ ቦታ ካገኛችሁ ግን እንደ እኔ ደስ አይበላችሁ። ወይ ኮርቻው ያን ቦታ ጨርሶ አልነካውም፣ ወይ ደግሞ ከመጠን በላይ ተጭኖት ላብ አላወጣም። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ እጃችሁ ነው። ቦታውን በጣቶቻችሁ ጫን ጫን አድርጉ፤ ፈረሱ ጀርባውን ካሰመጠ ወይም ከተሸማቀቀ አሞታል። የተንጨፈረረና የተሰበረ ጸጉር ካለ መፋተግ አለ። እብጠት ብዙ ጊዜ ቆይቶ ስለሚወጣ በማግሥቱ ጠዋትም ዳስሱት።

ጠባዩንም አንብቡ። ሲጫን የሚናከስ፣ ጠፍሩ ሲጠብቅ የሚተነፍስ፣ ሲቀመጡበት ወገቡን የሚያጎብጥ ፈረስ «ክፉ» ተብሎ አለንጋ ይወርድበታል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው እዚህ ላይ ተገልብጧል፤ ጥፋቱ የዳውላው ሆኖ ሳለ የሚመታው እንስሳው ነው። ከመምታታችሁ በፊት ኮርቻውን ገልብጣችሁ እዩ።

አያያዙ

አጎዛው ከጉዞ በኋላ ተዘርግቶ በጥላ ሥር ይድረቅ። ፀሐይና እሳት ቆዳውን ያደርቁታል። ሱፉ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ወይም በማበጠሪያ ይበጠር፤ የተጣበቀ ሱፍ እንደ ምንጭ መሥራቱን ያቆማል። እሾህና ጭቃ እንዳይኖርበት በእጅ ይዳሰስ። ሲቆሽሽ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ እንጂ በሙቅ ውኃ አይነከር። አንድ አጎዛ ለብዙ ፈረስ መጠቀም የቆዳ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ለየፈረሱ የራሱ ይኑረው። ሱፉ ሳስቶ ቆዳው ሲታይ ደግሞ ዘመኑ አልፏልና መቀመጫ አድርጉት።

ለማጠቃለል

በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ። በያመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ፈረሱ አጊጦ ሲወጣ ማየት ያኮራል። የቀረውን የዓመቱን ቀን ግን ፈረስ የሚውለው በሥራ ነው፤ ባለቤቱም የሚያርሰው፣ የሚያጓጉዘው፣ የታመመ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው በእርሱ ነው። እኛ ተከራይተን ለአንድ ቀን የምንቀመጥበት ፈረስ ለአንድ ቤተሰብ የዓመት ኑሮው መሆኑን እናስብ።

ሌላም የተማርኩት አለ። ተማሪ ትምህርቱ ሲጠብበው የቤት ሥራ የምንደራርብበት መምህራን የለንምን? ልጁ ጆሮውን ሲጥል «ክፉ ነው» የምንልስ? እኔ አንድን ተማሪ ከመገሠጼ በፊት እነዚያ ሁለት ነጭ ነጥቦች ትዝ ይሉኛል። ቀድሞ መለካት፣ ከዚያ መጨመር ወይም መቀነስ ነው። ለልክም ልክ አለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሠልጣኞች መካከል ፈቃደኛ የሆኑ ሽቦና ካርቶን ይዘው ቢመጡ፣ ከገበያ ቀን ፈረሶች የአንዱን ጀርባ ባለቤቱን አስፈቅደን አብረን እንለካለን። ወደ ትምህርት ቤታችሁም ስትሄዱ ልጆቹን አስተምሯቸው፤ ኮርቻውን በየቀኑ የሚጭኑት እነሱ ናቸውና።